ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ አዲስ አበባን በአንድ ሳምንት ማስጎብኘት፦ ምክር እፈልጋለሁ

ጠያቂ፦ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። የእናቴ ወንድም ከየካቲት 19 እስከ 25 ድረስ ከደብረ ታቦር መጥተው እኔ ዘንድ ይሰነብታሉ። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ የተገለሉ መምህር ናቸው። አዲስ አበባን በደንብ የሚያውቋት ስድስት ኪሎ ተማሪ በነበሩበት ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ለሕክምና ወይም ለለቅሶ ብቅ ብለው ከመመለስ በቀር ከተማዋን ተዘዋውረው አላዩዋትም። እኔም የዓመት ፈቃዴን ወስጃለሁና ሳምንቱን ሙሉ ከጎናቸው አልለይም።

የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ለመድረስ ጠዋት የታክሲ ሰልፉ፣ ከዚያ ቃሊቲና ሳሪስ ላይ ያለው መጨናነቅ አለ፤ ማታ ደግሞ መመለሻው ከመሄጃው ይብሳል። በየቀኑ መሀል ከተማ ከገባን የሳምንቱ ግማሽ ሚኒባስ ውስጥ ያልቃል ብዬ እሰጋለሁ። እዚሁ ዳር ላይ ይዣቸው ብቀመጥ ደግሞ ከኮንዶሚኒየሙና ከፍጥነት መንገዱ መግቢያ በቀር ምን አሳያቸዋለሁ?

ሁለተኛው ጉዳይ ጾሙ ነው። ሳምንቱ ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል አጎቴ በሥራ ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ጤንነታቸው ደህና ቢሆንም ሰባን ተሻግረዋል። ያሰብኳቸው ቦታዎች እንጦጦ፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ አንድነት ፓርክ፣ ቢሾፍቱና ጢያ ናቸው። እንግዳ አስተናግዳችሁ የምታውቁ ሰዎች፣ የቱን በየትኛው ቀን ባደርገው እንደሚሻል ብትመክሩኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

መልስ፦ አስጎብኚ ከቃሊቲ

ወንድሜ፣ የመረጥካቸው ቦታዎች ጥሩ ናቸው፤ የሚቀረው አሰላለፉ ነው። እኔ እንግዳ ስይዝ በአንድ ቀን ከአንድ አቅጣጫ በላይ አልሄድም፤ ከከተማው ዳር ለሚነሣ ሰው ደግሞ ይህ ግዴታ ነው። ለአንተ እንጦጦ ከተማውን ሙሉ አቋርጠህ የምትደርስበት ሌላኛው ጫፍ ሲሆን፣ ቢሾፍቱ ግን ደጅህ ላይ ናት ማለት ይቻላል። የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው እናንተው ሰፈር ስለሆነ፣ የአዲሱ ገበያ ወይም የአየር ጤና ሰው በስንት መከራ የሚደርስበትን ቦታ አንተ የከተማውን መጨናነቅ ሳታይ ትደርስበታለህ። ስለዚህ ዳር መኖርህን እንደ ችግር ብቻ አትቁጠረው።

የመጀመሪያውን ሙሉ ቀን ለቢሾፍቱ ስጠው። ሆራም ባቦጋያም እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተዋቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ሐይቆች ስለሆኑ፣ ዳገትና ቁልቁለት ሳይሉ ከአፋፉ ላይ ጥላ ይዞ ማየት ይበቃል፤ ለጾመኛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ ዝቋላም በሩቁ ይታያል። ገዳሙን ለመሳለም ልውጣ ቢሉህ ግን ዳገቱ ከባድ መሆኑን አስረዳቸው፤ የመጋቢት አቦም በዚያው ሰሞን ስለሚውል መንገዱ በተሳላሚ ይሞላል።

ለሙዚየሞቹ ሌላ ቀን ያዝ። ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ የሚሄደውን ቀላል ባቡር ተጠቀም፤ ሠራተኛው ከገባ በኋላ፣ ከሦስት ሰዓት ወዲያ ብትሳፈሩ አጎትህ መቀመጫ የማግኘት ዕድል ይኖራቸዋል። ከዚያ በታክሲ ስድስት ኪሎ ውጡና በየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ጀምሩ። የ1929ኙን ጭፍጨፋ ሲያስተምሩ ለኖሩ መምህር እዚያ ጥቂት መቆም የሚገባ ይመስለኛል። ቀጥሎ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ፤ የጃንሆይን መኝታ ቤት እዚያ ታገኙታላችሁ። ሕንፃው ፊት ለፊት ጣሊያን ያሠራውን የደረጃ ሐውልት አጎትህ ከተማሪነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ጫፉ ላይ ከነፃነት በኋላ ስለተቀመጠችው ትንሽ የይሁዳ አንበሳ እንዲያጫውቱህ ጠይቃቸው። ቁልቁል ወርዳችሁ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ታያላችሁ። በ1967 ሐዳር ላይ የተገኘችው ይህች የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ቅሪት በቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ገደማ ብቻ መሆኗን ሰው የሚያምነው ቆሞ ከተሠራው አጽም አጠገብ ሲደርስ ነው። ስትጨርሱ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፤ አራት ኪሎ ላይ የጾም በያይነቱ የሚያቀርብ ቤት አታጡም።

ጢያን ግን በዚህ ጉዞ ተወው ባይ ነኝ፤ ለጾመኛ ሽማግሌ ደርሶ መልሱ ይረዝማል።

መልስ፦ እመ ሣህሉ

ልጄ፣ አጎትህን በዚህ ዓይነት አስበህ መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። አስጎብኚው ወንድማችን ስለ አቅጣጫ የተናገረው ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ጾሙ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለሚበላ፣ መውጣት መውረድ ያለበትን ጉዞ ሁሉ ወደ እነዚያ ሁለት ቀናት ሰብስበው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ እንኳን ውኃ ሳይቀምሱ በልቶም ያደክማል። ማለዳ እንጦጦ ማርያም አስቀድሳችሁ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበትን ቤተ ክርስቲያንና አጠገቡ ያለውን የድሮ ቤተ መንግሥታቸውን ተሳልማችሁና አይታችሁ፣ ቁርስ ከቀመሳችሁ በኋላ በ2013 የተከፈተውን ፓርክ ትንሽ መንሸራሸር ይበቃል። ጠዋት ብርዱ ስለሚያንቀጠቅጥ ጋቢ አይለያቸው። ስትወርዱ ሽሮ ሜዳ መንገዳችሁ ላይ ነው፤ ለሚስታቸው ነጠላ ሳይገዙ የሚመለሱ አይመስለኝም፤ ዋጋ ስትከራከር ግን አንተ ቅደም።

ፒያሳ ሲደርሱ እንዳይደነግጡም አስቀድመህ ንገራቸው። ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው የነበረው ሰፈር በ2016 ፈርሷል፤ በወጣትነታቸው ሻይ የጠጡበትን ቤት ፈልገው ቢያጡት ልባቸው ይሰበራል። የዓድዋ በዓል ዕለት ምኒልክ አደባባይ መገኘት ከፈለጉ፣ መንገዶች ስለሚዘጉ ሌሊት ተነሥታችሁ ከሩቅ ወርዳችሁ በእግር መግባት ይኖርባችኋል። የመታሰቢያውን ሕንፃ ውስጡን ግን ለሌላ ቀን አቆዩት፤ በዚያ ሕዝብ መካከል ምንም አያዩም።

አንድ ቀን ደግሞ የትም አትሂዱ። ጎረቤቶችህን ጠርተህ ቡና አፍላላቸው። ሰው እዘመዱ ቤት የሚመጣው ዘመዱንም ለማየት ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ እሳቸውን ጠይቃቸው፤ ምን ማየት እንደሚፈልጉ ከእኛ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።

መልስ፦ የቡታጅራ መንገድ ሹፌር

ስለ ጢያ ከአስጎብኚው ጋር አልስማማም። ሌላ እንግዳ ቢሆን እኔም ይቅር እል ነበር፤ የታሪክ መምህርን ግን ከዚህ መንገድ መከልከል አግባብ አይደለም። ቅዳሜ ንጋት ላይ ብትነሡ በዓለም ገና በኩል አድርጋችሁ መጀመሪያ መልካ ቁንጥሬ ትደርሳላችሁ። በሐምሌ 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ የአዋሽ ዳር ሥፍራ፣ ሰው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት እንኳ ድንጋይ ጠርቦ መሣሪያ ሲሠራ እንደኖረ የሚታይበት ነው። እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጨውን ጥቁር ባልጩት ጠጋ ብለው ይዩት፤ ተፈልጦ የሳለው ጠርዙ ዛሬም ሥጋ የሚቆርጥ ይመስላል። አዳዲ ማርያም ከዚያ አይርቅም፤ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ለማየት ላሊበላ ድረስ መሄድ ለማይችል ሰው ትልቅ ዕድል ነው። ጢያ ላይ ካሉት 36 ትክል ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው፤ ሰይፎቹን አንድ ሁለት እያሉ መቁጠር ይቻላል።

መኪናውን በኮንትራት ያዝ። ዋጋውን ስትነጋገር የመጠበቂያው ሰዓትና የመመለሻው ጭምር መሆኑን አስረግጥ፤ ይህ ሳይነገር ቀርቶ ማታ ላይ ጭቅጭቅ ሲነሣ አይቻለሁ። የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት መስመሩ ላይ ከሚሠሩ ሹፌሮች አጣራ፤ ሳይመሽ ለመመለስም ከጢያ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ተነሡ።

ጠያቂ፦ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እመ ሣህሉ፣ እንዳሉኝ አጎቴን ዛሬ ደወልኩላቸው። ገና ጥያቄዬን ሳልጨርስ «መጀመሪያ ስድስት ኪሎ» አሉኝ፤ ስለዚህ ሙዚየሞቹ ይቀድማሉ፣ ቢሾፍቱ በማግስቱ ይሆናል። ጢያን ለቅዳሜ፣ እንጦጦን ለእሑድ አድርጌዋለሁ። የፒያሳን ነገር ስነግራቸው ትንሽ ዝም ብለው «ጊዮርጊስ አለ አይደል?» ብለው ጠየቁኝ፤ ዓድዋን እዚያው አደባባይ ማክበር ይፈልጋሉ። አንድነት ፓርክ በዚህ ሳምንት አይደርስም፤ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፤ በዓሉ ዕለት ከቱሉ ዲምቱ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቶ ለገሃር ወይም ሜክሲኮ የሚያደርሰን ታክሲ ይገኛል ወይስ ከዋዜማው መሀል ከተማ ዘመድ ቤት ማደር ይሻለናል?

መልስ፦ አስጎብኚ ከቃሊቲ

ከዋዜማው ገብታችሁ እደሩ። በበዓል ሌሊት ከዳር የሚነሣ ታክሲ ተስፋ የሚጣልበት አይደለም፤ አጎትህም ጉልበታቸውን ለአደባባዩ ያቆዩ።