የከተማው ብቸኛ መጠለያ ጸሎትን ግዴታ ቢያደርግ፣ ደጅ ያደረውን መቅጣት ይገባልን? (ክርክር)

አወያይ፦
ለዚህ ሳምንት የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። በአንድ ከተማ ቤት አልባ ሰዎችን የሚያስጠጋ አንድ የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት ብቻ ቢኖር፣ ድርጅቱም ለሚያሳድራቸው ሰዎች አምልኮን ግዴታ ቢያደርግ፣ የከተማው አስተዳደር «አልጋ እያለላችሁ እምቢ ያላችሁት እናንተ ናችሁ» ብሎ ደጅ ያደሩትን መቅጣት ይገባዋልን? መነሻችን በኦሪገን ግዛት የምትገኘው ግራንትስ ፓስ ናት። ወደ 38 ሺህ ሕዝብ በሚኖርባት በዚህች ከተማ 600 ያህል ሰዎች ቤት አልባ እንደነበሩ በፍርድ ቤት መዝገብ ሰፍሯል። ለአዋቂዎች በቋሚነት የሚያገለግለው መጠለያ ግን ጎስፔል ሬስኪው ሚሽን የተባለው የክርስቲያን ድርጅት ነበር። በመናፈሻ ውስጥ ብርድ ልብስ አንጥፎ የተገኘ ሰው 295 ዶላር ይቀጣ ነበር፤ በጊዜው ካልከፈለ ቅጣቱ ወደ 537 ዶላር ከ60 ሳንቲም ያድግ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 28 ቀን 2024፣ በ6 ለ 3 ድምፅ፣ ይህ ዓይነቱ ቅጣት ሕገ መንግሥቱ የሚከለክለው «ጨካኝና ያልተለመደ ቅጣት» አይደለም ሲል ወስኗል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ተከራካሪዎች ከጉዳዩ እንዳትወጡ አደራ እላለሁ።

የአራዳ ልጅ፦
ወገንተኛ ስለሆንሁ ወገኔን ከመደበቅ አስቀድሜ መናገሩ ይሻለኛል። እኔ ከመጠጥ የወጣሁት እንዲህ ባለ የክርስቲያኖች ማገገሚያ ቤት ውስጥ ነው። ማታ ስንገባ ትንፋሻችን በመለኪያ ይፈተሻል፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን አልጋችንን ካነጠፍን በኋላ የወጥ ቤት ተረኛው ድስት ሲያጥብ ሌላው ኮሪደሩን ይወለውላል፤ ከዚያም ሁላችንም ለጸሎት እንሰበሰባለን። ያን ጊዜ እስር ቤት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን እኔን ወደ ጠርሙሱ ይመልሰኝ የነበረው ምንም የማልሠራበት ረጅሙ የቀትር በኋላ ጊዜ ነው፤ ያንን ጊዜ የሞላልኝም ሥራውና ጸሎቱ ነው። ስለዚህ ደንቡን ከእርዳታው ለይቶ ማየት ለእኔ ትርጉም የለውም፤ ደንቡ ራሱ እርዳታው ነበርና። ሌላም ነገር አለ። ለእነዚህ ቤቶች ገንዘብ የሚያዋጡት ምእመናን ናቸው፤ ጸሎቱን አስወጡ ብትሏቸው ኪሳቸውን ይዘጋሉ፣ አልጋውም አብሮ ይዘጋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በውሳኔው እንደጠቀሰው፣ የበታች ፍርድ ቤቶች ከተማዋ ደጅ ያደሩትን እንዳትቀጣ ባገዱ ጊዜ የዚያ መጠለያ ተጠቃሚ 40 በመቶ ያህል ቀንሷል። ታዲያ የከተማው እጅ በመታሰሩ ማን ተጠቀመ? መናፈሻው ውስጥ ዕፅ የሚሸጠው ሰውዬ እንጂ!

ሕግ አዋቂው፦
ወንድሜ፣ እንኳን ከዚያ ወጡ። ይሁን እንጂ የተናገሩት ስለ ድርጅቱ ነው፤ የቀረበው ጥያቄ ደግሞ ስለ ከተማው ነው፤ የክርክሩ ግማሽ የሚጠፋው እነዚህ ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። በግል መዋጮ የሚተዳደር ድርጅት በቤቱ የፈለገውን ደንብ ቢያወጣ፣ ማታም ጠዋትም ቢያስጸልይ፣ የሚከለክለው ሊኖር አይገባም። የፌደራል መንግሥትን ገንዘብ በቀጥታ የሚቀበል ከሆነ ግን በዚያ ገንዘብ በሚካሄደው አገልግሎት ውስጥ አምልኮን ግዴታ ማድረግ አይፈቀድለትም። ይህን ያህሉ ብዙም አያከራክርም።

ጭንቁ የሚመጣው ፖሊስ የድርጅቱን አልጋ እንደ ራሱ አልጋ ቆጥሮ ሰው ሲቀጣበት ነው። ኦሪገንን ጨምሮ የምዕራብ አሜሪካ ግዛቶችን ጉዳይ የሚያየው የዘጠነኛው ምድብ የፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2007፣ አመክሮ ላይ ያለን ሰው በሃይማኖት ላይ የተመሠረተ የሱስ ማገገሚያ ስብሰባ ካልተከታተልህ ብሎ ማስገደድ የሃይማኖት ነጻነትን ይጥሳል ሲል ወስኖ ነበር። ያው ፍርድ ቤት በ2018 በአይዳሆዋ ቦይሲ ከተማ ጉዳይ ይህንኑ ሐሳብ ወደ መጠለያ አመጣው፤ አንድ ሰው ከክስና ከአምልኮ አንዱን እንዲመርጥ ከተማ ሊያስገድደው አይችልም አለ። በግራንትስ ፓስም የመጀመሪያው ፍርድ ቤት የሚሽኑን አልጋዎች ለሁሉም ክፍት እንደሆነ መጠለያ አድርጎ ለመቁጠር ፈቃደኛ አልሆነም።

በመዝገቡ የቀረበው ደንብ እንዲህ ይላል፦ ነዋሪው በቀን ሁለት ጊዜ በጸሎት ቤት ይገኛል፤ እሑድ እሑድ የኒቅያን ወይም የሐዋርያትን የሃይማኖት መግለጫ በሚቀበል ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳል፤ ሲጋራ ጨርሶ አያጨስም፤ በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 6 ሰዓት ያለ ክፍያ ይሠራል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 የወሰነው ስለ ቅጣቱ ጭካኔ ብቻ ስለሆነ፣ የሃይማኖቱ ጥያቄ እስከ ዛሬ ምላሽ ሳያገኝ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ብዙ ሰው ጉዳዩ የተዘጋ ይመስለዋል፤ አልተዘጋም።

የደሴው፦
እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የምኖረውም ሲያትል ነው። በደግነት የሚሠሩ የክርስቲያን ድርጅቶችን አከብራለሁ፤ አዲስ መጥቼ በተቸገርሁ ጊዜ ከእነርሱ ዘንድ ሩዝና ብርድ ልብስ ተቀብያለሁ፣ ማንም ሃይማኖቴን አልጠየቀኝም። ይህን ደንብ ሳነብ ግን ያ ቀን በግራንትስ ፓስ ቢሆንብኝ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር አሰብሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ፣ አለበለዚያ 295 ዶላር። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ መባሌ በአገሬ ልጆች ዘንድ እንደ ቀላል ነገር እንዳይታይ እለምናለሁ።

ዲያቆኑ፦
ወንድማችን የደሴው የተናገረው ከልቤ ገብቷል። በዚያ ደንብ መሠረት እኔ ያለ ምንም ችግር እገባ ነበር፤ ጸሎተ ሃይማኖትን በየቅዳሴው እንደግመዋለንና። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ሠለስቱ ምዕት በ325 በኒቅያ ተሰብስበው ያን ቃል የደነገጉት የአርዮስን ትምህርት ለመመለስ ነበር፤ ለብርድ የተጋለጠውን ማን እንደሚገባና ማን እንደሚቀር ለመለየት አልነበረም። በወንጌልም አሥሩ ለምጻሞች ሁሉም ነጽተዋል፤ ተመልሶ ያመሰገነው ግን አንዱ ብቻ ነው፣ እርሱም ሳምራዊ ነበር። ጌታ «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ብሎ ጠየቀ እንጂ ለምጹን አልመለሰባቸውም። በአገራችን በደጀ ሰላም የሚቀመጠውን የኔ ብጤ እንኳ «ቁርባን ትወስዳለህን?» ብሎ ጠይቆ ሳንቲም የሚሰጥ ሰው አላየሁም።

ሥራውን በተመለከተ ግን ከየአራዳ ልጅ ጋር ነኝ። ሊሠራ የሚችል ሰው ያደረበትን ቤት ማጽዳቱ ክብሩን ይመልስለታል።

የአራዳ ልጅ፦
ዲያቆን፣ ያው ጌታ በቤተ ሳይዳ የፈወሰውን ሰው ኋላ አግኝቶት «ዳግመኛ ኃጢአት አትሥራ» ብሎታል። እርዳታው ያለ ቅድመ ሁኔታ ተሰጠ ማለት ያለ ተግሣጽ ቀረ ማለት አይደለም። «ፈልጎ የገባ ይጸልይ፣ ያልፈለገ ይተው» ልትሉኝ እንደምትችሉም አውቃለሁ። ፈልጎ የሚገባ ማን ነው? እኔ ስገባ የፈለግሁት ሾርባውን ነበር፤ ጸሎቱን የወደድሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ምርጫው ለእኔ ቢተው ኖሮ ሾርባዬን ጠጥቼ እወጣ ነበር፤ ምናልባትም ዛሬ ከእናንተ ጋር አልከራከርም ነበር።

ነርሷ፦
የምሠራው ከሱስ ሕሙማን ጋር ነው። የየአራዳ ልጅ የተናገረውን የመሰሉ ታሪኮች እውነት መሆናቸውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለዚህ እምነት ሰውን ከሱስ አያወጣም የሚል ክርክር የለኝም። ነገር ግን የእርስዎን ታሪክ የምንሰማው እርስዎ በሕይወት ስላሉ ነው። በደንቡ ምክንያት በሩ ላይ የተመለሱት ወይም በሦስተኛው ቀን የወጡት እዚህ መጥተው አይጽፉም።

የግራንትስ ፓስን መዝገብ ስመለከት ሁለት ሴቶች ከዓይኔ አልጠፉም። አንደኛዋ በአካል ጉዳቷ ምክንያት የተጠየቀውን ሥራ መሥራት ስለማትችል መጠለያው ውስጥ መቆየት አልቻለችም። ሁለተኛዋ መድኃኒቷን በጭጋግ መልክ የሚያስተነፍስ፣ በየአራት ሰዓቱ ከኤሌክትሪክ ጋር የሚሰካ መሣሪያ ያስፈልጋታል፤ መሣሪያውን በመኝታ ክፍል መጠቀም ግን አልተፈቀደም። እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች «አልጋ ነበረላችሁ» ማለት ምን ማለት ነው? እነርሱን ያስቀራቸው እምቢተኝነት ወይም ክህደት አይደለም፤ አንዷን ሕመሟ፣ አንዷን የግድግዳ ሶኬት ነው።

ከዚህ የሚከፋ ነገርም አለ። ዛሬ ጎዳናውን የወረረው ፈንታኒል የተባለው ኃይለኛ አደንዛዥ ዕፅ ነው። በዚህ ዓይነት ዕፅ የተያዘ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ሲታቀብ ሰውነቱ የለመደውን መጠን የመቋቋም አቅሙን ያጣል፤ ወጥቶ የቀድሞውን መጠን ሲወስድ ትንፋሹ ይቆማል። የዕፁን አምሮት የሚያስታግሱት ሜታዶንና ቡፕሬኖርፊን የተባሉት መድኃኒቶች ይህን ሞት በእጅጉ እንደሚቀንሱ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። አንዳንድ የእምነት ማገገሚያ ቤቶች ግን «ሱስን በሱስ መተካት ነው» ብለው ይከለክሏቸዋል። በአገራችን ይህን ክርክር ከዚህ ቀደም በኤች አይ ቪ አይተነዋል። እንጦጦ ማርያም ጠበል የሚጠመቁ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ያቋርጡ በነበረበት ጊዜ፣ በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ አስተማሩ። ጠበሉ አልቀረም፣ ክብሩም አልተነካም። የክርስቲያን መጠለያዎችም ይህንኑ ቢያደርጉ ከጸሎታቸው ምን ይጎድላል?

የአራዳ ልጅ፦
በመድኃኒቱ ነገር እስማማለሁ፤ የእኔ መጠጥ ስለነበረ ያን ጉዳይ ለሚያውቁት እተዋለሁ። የታመመችን ሴት በመሣሪያ ምክንያት መመለስም ትክክል አይደለም፤ እንዲህ ያለው ደንብ ይሻሻል። ነገር ግን አንዳንድ ሰው የሥራውን ግዴታ «ብዝበዛ» እያለ ሲጠራው ይቆጨኛል።

ሕግ አዋቂው፦
በሥራው ጉዳይ ሁለታችሁንም የሚያስታርቅ ባይሆንም መስመሩን የሚያሳይ ውሳኔ አለ። በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ የቀድሞ ሱሰኞችንና ወንጀለኞችን ሰብስቦ በነዳጅ ማደያ፣ በልብስ መሸጫና በአሳማ እርባታ ሳይቀር ያሠራ የነበረ የሃይማኖት ድርጅት ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ምግብ፣ ልብስና ማደሪያ እንጂ ደመወዝ አይከፍልም። ሠራተኞቹ ራሳቸው ቀርበው «የምናገለግለው ለእግዚአብሔር ነው፣ ደመወዝ አንፈልግም» ሲሉ መስክረዋል። ፍርድ ቤቱ ግን ያለ ልዩነት፣ የንግድ ሥራ እስከሆነ ድረስ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕጉ ይመለከተዋል፣ ሠራተኛውም መብቱን ልተወው ቢል ሕጉ አይፈቅድለትም አለ። ስለዚህ እርስዎ ያጠቡት ድስት በዚህ ውስጥ አይገባም፤ ለገበያ የሚቀርብ ነገር እያመረቱ ቢሆን ኖሮ ግን ሌላ ጉዳይ ይሆን ነበር።

የደሴው፦
ማንም ያላነሣውን ልጠይቅ። ለምንድን ነው ሁሉም ሰው ደንቡን እያገላበጠ የሚያየው? 600 ያህል ሰው ቤት አልባ በሆነበት ከተማ ሚሽኑ ደንቡን በሙሉ ቢያነሣ እንኳ ለሁሉም የሚበቃ አልጋ አልነበረውም። ከተማው የራሱን ግዴታ በበጎ አድራጊዎች ጫንቃ ላይ ጥሎ፣ እነርሱ በተወቀሱ ቁጥር ከኋላቸው ቆሞ የሚያይ ይመስለኛል። በ2013 በከተማዋ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ በግልጽ የተነገረው ዓላማም እነዚህ ሰዎች በከተማዋ እንዳይመቻቸውና ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄዱ ማድረግ ነበር።

ነርሷ፦
የተናገሩት እውነት ነው። ፊንላንድን ልጥቀስ፤ እዚያ ከሚሠሩት ድርጅቶች አንዱ የታወቀው የክርስቲያን ድርጅት ሳልቬሽን አርሚ ስለሆነ ለክርክራችን ይጠቅማል። በሄልሲንኪ የነበረው ትልቁ የድርጅቱ የጋራ ማደሪያ ብዙ አልጋ የተደረደረበት ነበር፤ በ2012 ታድሶ እያንዳንዱ ሰው በስሙ ተከራይቶ በራሱ ቁልፍ ወደሚዘጋው አነስተኛ መኖሪያ ተለወጠ። የእድሳቱን መንገድ የከፈተው መንግሥት በ2008 የጀመረው ቤትን የማስቀደም መርሐ ግብር ነው፤ በዚህ መርሐ ግብር ሰውየው ቤቱን የሚያገኘው መጠጡን ከማቆሙ በፊት ነው፣ ሠራተኞቹ ግን በዚያው ሕንፃ ውስጥ አሉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ 18 ሺህ ይጠጋ የነበረው የአገሪቱ ቤት አልባ ቁጥር በ2023 ከ4 ሺህ በታች ወርዷል። ድርጅቱ ክርስቲያን መሆኑን አልተወም፤ የተወው አልጋን በቅድመ ሁኔታ መስጠትን ብቻ ነው።

የአራዳ ልጅ፦
መንግሥት ቤት የሚሠራበት አገር ከሆነማ ክርክሩ ያበቃል፤ እኛ ያለንበት ግን እንዲያ አይደለም። ደግሞም መጠጥ በተወሁ በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቴ ክፍል ውስጥ ቢራ ሲከፈት ብሰማ ኖሮ እኔ አልተርፍም ነበር። ቤት ይቅደም የምትሉት ለመዳን እየታገለ ያለውን ሰው ከሚጠጣው ጋር አንድ ኮሪደር ላይ ልታኖሩት ነውን?

ነርሷ፦
ይህ የሚገባ ጥያቄ ነው፤ ምላሼም አይደለም ነው። መጠጥ የተከለከለበት ቤትም ያስፈልጋል፤ እርስዎ የወጡበት ዓይነት ቤት ሊዘጋ አይገባም። የምቃወመው በከተማው ውስጥ ያ ብቻ መሆኑን ነው።

ሕግ አዋቂው፦
ለዚህ የሚረዳ አንድ ነገር ልጨምር። ኦሪገን በ2021 ያወጣችው ሕግ፣ ከተሞች ደጅ መቀመጥንና መተኛትን የሚከለክሉበት ደንብ ቤት ከሌለው ሰው ሁኔታ አንጻር ምክንያታዊ መሆን አለበት ይላል። ስለዚህ ግራንትስ ፓስ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ብታሸንፍም በገዛ ግዛቷ ሕግ ፊት አሁንም ተጠያቂ ናት። የየአራዳ ልጅ፣ ይህን ብቻ ይመልሱልኝ፦ ሚሽኑ እንዳለ ሆኖ፣ ከተማው በራሱ ገንዘብ ጸሎት የማይጠየቅበት ሁለተኛ መጠለያ ቢከፍት ይቃወማሉን?

የአራዳ ልጅ፦
አልቃወምም። ሁለት ነገር ግን ይሟላልኝ፤ በበሩ ላይ ዕፅ ሻጭ እንዳይቆም ጠባቂ ይኑረው፣ ሚሽኑ በፈቃዱ ለሚመጡት ጸሎቱን እንዳያቋርጥ ደግሞ ማንም አይንካው። ቅጣቱ ይቅር ስለሚለው ግን ገና አልተስማማሁም፤ ሁለተኛው መጠለያ ተከፍቶ አልጋው ባዶ እየዋለ መናፈሻው ቢሞላ ከተማው ምን ያድርግ?

የደሴው፦
መጀመሪያ ይከፈትና ያን ጊዜ እንከራከር።