«አበባው ለሁሉም ይበቃል» ያለው ማነው?

ሰናይት፦ ትናንት እዚህ ገጽ ላይ «ንብ እንዳይጠፋ ጣሪያችሁ ላይ ቀፎ አኑሩ፤ አበባው ለሁሉም ይበቃል» ተብሎ ሳነብ ተናደድኩ። እዚህ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ250 ያነሰ ቀፎ ነበር። በ2020 ወደ 3,000 ተጠጋ። የኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፊት ያጠኑትን ቦታ ተመልሰው ሲያዩት፣ የማር ንብ በጣም በበዛበት የዱር ንብ ዓይነት ቀንሷል። የትኛው አበባ ነው የሚበቃው?

ባለቀፎው፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ቀነሱ ማለትና ንቤ ቀነሳቸው ማለት ይለያያል። አስፋልቱስ? የተባይ መርዙስ? ሁሉ ነገር አናቢው ላይ ይላከካል።

ሰናይት፦ አስፋልቱን ማን ካደ? ይበቃል ላልከው መልስ ስጥ። የማር ንብ በበዛበት ነጭ ማገጥ አበባ ላይ የሚተርፈው የአበባ ዱቄት ያነሰ ነበር። ዱቄቱ ደግሞ የዱር ንብ እጮች፣ ማለትም የልጆቻቸው፣ ምግብ ነው።

የዳንግላው፦ ወገን፣ እኛ አገር ንብና ሰው አብሮ ኖሯል። አባቴ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅል ምን ጠፋ?

ሰናይት፦ ወንድሜ፣ እዚያ የማር ንብ አገሯ ነው። እዚህ ሰሜን አሜሪካ ግን አውሮፓውያን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በመርከብ ያመጧት ናት። የዱር ንብ የምለውም ጫካ የገባ መንጋ አይደለም። ብዙዎቹ ብቻቸውን አፈር ቆፍረው እንቁላል የሚጥሉ ናቸው።

የዳንግላው፦ እንደ ጣዝማ ማለትሽ ነው?

ሰናይት፦ ጣዝማ መንጋ አላት። እነዚህ ማርም አያጠራቅሙም።

ባለቀፎው፦ ማር የማይሰጥ ንብ ስለሆነ ንቀት የለብኝም። ግን ልጆች ስለ ንብ የተማሩት በእኔ ቀፎ ነው። ይሄ ምንም አይደለም?

ጥላዬ፦ ትልቅ ነገር ነው። ግን አንድ ቀፎ በበጋ አስር ሺዎች ንብ ይይዛል፤ ኪሎ ሜትሮች ርቀው ይቀስማሉ። ትንሿ የዱር ንብ ከጎጆዋ ከጥቂት መቶ ሜትር አታልፍም። ጥናቱ ላይም ይበልጥ የተጎዱት ትንንሾቹ ናቸው። ድግሱን ሳያሰፉ እንግዳ መጥራት ነው የያዛችሁት። በሽታም አለ፤ ክንፍ የሚያጣምመው ቫይረስ በአበባ በኩል ወደ ሌሎች ንቦች ይሻገራል።

ባለቀፎው፦ እኔ ቀፎዬን አስመረምራለሁ!

ጥላዬ፦ አንተ ታስመረምራለህ። ለፎቶ ብሎ ጣሪያው ላይ ያስቀመጠው ድርጅትስ?

ባለቀፎው፦ እሱን ለድርጅቱ ንገረው። እኔ ግቢዬን አበባ ሞልቼዋለሁ።

ሰናይት፦ ግቢህ ለስንት ቀፎ ነው የሚበቃው? አሁንም አልመለስክልኝም።