ኅዳር 12 ማምሻውን ከባለቤቴ ጋር በመኪና ወዴት ልውጣ?

የሦስት ዓመት ሙሽራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የተጋባነው ኅዳር 12 ቀን ነው፤ ዘንድሮ ሦስት ዓመት ይሞላናል። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ እንደ ዕድል የዚያን ምሽት ተረኛ አይደለችም። የወንድሟን ቪትስ ተውሻለሁ። አምና ሆቴል ገብተን አጠገባችን ልደት የሚያከብሩ ሰዎች በጭብጨባ አደንቁረውን ሳንነጋገር ወጣን። ዘንድሮ ከፍ ካለ ቦታ ሆነን ፀሐይ ስትጠልቅና የከተማው መብራት ሲበራ ብናይ ብዬ አሰብኩ። የምንኖረው ሳሪስ ነው። እንጦጦ ይሻላል ወይስ ሌላ ቦታ አለ? መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ስምንት ወሬ መሆኑንም ልንገራችሁ።

የላዳ ሾፌር የነበረ፦
ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ቦታውን ከመምረጥህ በፊት ግን ቀኑን ተመልከት። ኅዳር 12 እኮ ኅዳር የሚታጠንበት ዕለት ነው! በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ከፈጀ ወዲህ ሰው በዚያ ቀን የደጁን ቆሻሻ ጠርጎ ያቃጥላል፤ ጭሱም ከተማው ላይ ተኝቶ ይውላል። እኔ የቀመስኩት ነው። አንድ ዓመት አንድ ወጣትና እጮኛውን ከፒያሳ ጭኜ ለዚሁ ጉዳይ እንጦጦ አወጣኋቸው። ቁልቁል ብናይ አዲስ አበባ የለችም፤ አመድ የተደፋበት ጉድጓድ ነው የሚታየው። ልጁ «ደመና ነው፣ አሁን ይገለጣል» እያለ ግማሽ ሰዓት አስቆመኝ። ልጅቷ ማሳል ስትጀምር ወረድን። የቆምኩበትን ሒሳብ ለመጠየቅ አፍሬ ቀረሁ።

ስለዚህ ወደ 13 አዛውረው። ዘንድሮ 12 ዓርብ ስለሚውል ጾም ነው፤ ቅዳሜ ግን የወደዳችሁትን ትበላላችሁ፤ ጾመ ነቢያት የሚገባው 15 ነው። ንፋስ ከነፈሰም ጭሱ እስከዚያ ተጠርጎ ይሄዳል።

ቦታው እንጦጦ ይሁን። ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ጨለማው ቀጠሮ አይሰጥም። ሁሉም አርፍዶ ይነሳና ሽሮ ሜዳ ላይ በገበያተኛና በታክሲ መሃል ተቀርቅሮ ፀሐይዋ ትገባበታለች። እናንተ ከሳሪስ ዘጠኝ ተኩል ላይ ተነሱ። ስድስት ኪሎን አልፋችሁ አቀበቱን ስትይዙ ባሕር ዛፉ መሽተት ይጀምራል፤ ያኔ መስኮቱን ዝቅ አድርጉት። ኩርባው ላይ ጀርባቸው የማይታይ እስኪሆን እንጨት የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ፤ ጥሩምባ ነፍተህ እንዳታስደነግጣቸው፣ ቆመህ አሳልፋቸው።

ላይ ስትደርሱ ፊታችሁን ወደ ደቡብ አድርጉ። በስተቀኝ ወጨጫ፣ ከፊት ፉሪ፣ በስተግራ የረር፤ ሰማዩ ከጠራ ከሁሉም ኋላ አናቱ የተቆረጠ የሚመስለው ዝቋላ ይታያል። ፀሐይ በወጨጫ በኩል ትገባለች። ብዙ ሰው እሷ ስትጠልቅ አለቀ ብሎ ይነሳል። እንዳትነሳ! ዓይን መያዝ ሲጀምር መብራቱ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ እያለ ይመጣል፤ 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ ከመሃል ብቻውን ይቆማል፤ መንገዶቹ በመኪና መብራት ቀይ ክር ይሆናሉ። ከላይ ሰማዩ ገና ሰማያዊ፣ ከታች ከተማው ቢጫ የሚሆንባት ሩብ ሰዓት አለች። ይህን ሁሉ አቀበት የምትወጡት ለእሷ ነው። እቴጌ ጣይቱስ ከዚሁ ተራራ ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ የከተሙት ቁልቁል እያዩ ልባቸው ሸፍቶ አይደል?

ወደ መኪናው ልምጣ። የራዲያተሩን ውሃ ቤት ሳለህ እይ፤ ከጋለ በኋላ ክዳኑን አትንካ። አቀበቱ ላይ ማቀዝቀዣውን አጥፋ፤ የቪትስ ሞተር ትንሽ ነው። ስትቆም አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙር። ስትወርድ ማርሹን ዝቅ አድርገህ ሞተሩ ይያዝልህ፤ ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን ረግጠህ ከወረድክ ፍሬኑ ይግልና ይከዳሃል። ደግሞ ጫካ ውስጥ ገብታችሁ አትቀመጡ፤ ከመሸ ሰው ባለበት ሁኑ።

ቢሾፍቱ ያደገች፦
ጋሼ ልክ ናቸው፤ ግን 12ን ማሳለፍ ካልፈለግህ ቢሾፍቱ አለልህ። ለሳሪስ ሰው መውጫው ቅርብ ነው፤ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱን ትይዛለህ። ሐይቆቻችን የእሳተ ገሞራ አፍ ስለሆኑ ከጠርዙ ሆነህ ቁልቁል ታያቸዋለህ። የቢሾፍቱ ሐይቅ ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ከተቀመጣችሁ የማዶው ገደል ጥላ ውሃውን እየዋጠ ወደ እናንተ ሲመጣ ታያላችሁ፤ ልጅ ሆነን ጥላው እግራችን ሥር ሳይደርስ ቤት እንድንገባ ነበር የምንታዘዘው። የከተማ መብራት ግን እንደ እንጦጦ አታገኝም።

አንድ የሴት ምክር ልጨምር። ጋቢ ያዝ፤ እንጦጦ 3,000 ሜትር ያልፋል፣ ብርዱ ቀልድ አይደለም። ነርስ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው፤ ተራራ ላይ በእግር አታዙራት። ስልክህንም ኪስህ ውስጥ ተወው። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ሙሉ ጀንበሯን በፎቶ ሲያሳድድ ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ፤ ፎቶውን እስከ ዛሬ ከፍቶት አያውቅም።

ጎጃም በር፦
ሱሉልታን ማንም አላነሳም። ሜዳው ላይ ጀንበር ስትጠልቅ ያምራል።

የላዳ ሾፌር የነበረ፦
ሱሉልታ ለወተት ነው። ልጁ የጠየቀው መብራት ነው።

የሦስት ዓመት ሙሽራ፦
ቅዳሜ 13 ሄድን። ሽሮ ሜዳ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆምን፤ ቢሆንም ፀሐይዋን ደረስንባት። ዝቋላ አልታየንም፣ ጉም ነበር። ባለቤቴ ጋቢውን ተከናንባ ቆሎ እየቆረጠመች የምትሠራበትን ሆስፒታል ስትፈልግ ቆየችና ፀሐይዋ ከመግባቷ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ያቺ ሩብ ሰዓት ስትመጣ ልቀስቅሳት ብዬ እጄን አነሳሁና መልሼ አወረድኩት። ራሷ ስትነቃ ከተማው በሙሉ በርቷል። «መቼ በራ?» አለችኝና ሆስፒታሉን በጣቷ አሳየችኝ፤ እኔ ከሌላው መብራት አልለየሁትም፣ ለይቻለሁ አልኳት። ጋሼ፣ ፍሬኑ አልጋለም።