ይህን ፍየል እንዴት ልለፈው?

በ1996 የወጣውን «ብሮክን ሶርድ» የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ የምታውቁ ድረሱልኝ! አየርላንድ ውስጥ፣ የፈረሰው ግንብ ግቢ ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። የምጫወትበት ገጸ ባሕርይ ጆርጅ ወደ ምድር ቤቱ ሊወርድ ሲል በገመድ የታሰረው ፍየል ተንደርድሮ ይመጣና ገፍትሮ ይጥለዋል። ተነስቶ እንደገና ሲሞክር እንደገና ይጥለዋል። ኪሱ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ ሞከርኩበት፤ ፍየሉ ደንታ የለውም።

አጠገቡ አንድ የዛገ የእርሻ መሣሪያ ቆሟል። ያለ ምክንያት እዚያ የተቀመጠ አይመስለኝም፤ ግን ምን ላድርገው? ገመዱንም እንድፈታ አይፈቀድልኝም። የጎደለኝ ዕቃ አለ ወይስ ነገሩ የፍጥነት ነው? ፍጥነት ከሆነ በጣም አዝናለሁ፤ እስካሁን ሰው አናግሬና አስቤ እንጂ ተሯሩጬ የፈታሁት እንቆቅልሽ የለም።

የምጫወተው የመጀመሪያውን እትም ነው። ሙሉ መልሱን አትንገሩኝ፤ ፍንጭ ብቻ ይበቃኛል።