የእናቴን የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን ያዘጋጀው የጤና ኢንሹራንስ) ይሸፍነዋል?

ጠያቂ (ከሜሪላንድ)፦

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። በእኔ ማመልከቻ በግሪን ካርድ የመጣች ሲሆን ከሁለት ወር በኋላ አምስት ዓመት ይሞላታል፤ እዚህ አገር ሠርታ አታውቅም። በሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሞራ እንዳለ ሐኪም ነግሮናል፤ የቀኙ ብሷል። ዳዊቷን ስትደግም መስመሩን በጣቷ ካልተከተለች ይጠፋባታል፤ ቡና ስትቀዳም አስቀድማ ሲኒውን በግራ እጇ ካልዳበሰች ረከቦቱ ላይ ታፈስሰዋለች። እስካሁን ያላት ከማርኬትፕሌስ (ከመንግሥት የኢንሹራንስ መገበያያ) የገዛሁላት ኢንሹራንስ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «አንቺ ስለምትሠሪ በአንቺ ታክስ ሜዲኬር ታገኛለች» ይሉኛል። የሄድንበት ክሊኒክ ደግሞ «የተሻለ ሌንስ» (ሞራው ሲወጣ በምትኩ ዓይን ውስጥ የሚገባው) ከፈለገች ለእያንዳንዱ ዓይን ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ከኪሳችን እንድንከፍል ጠይቆናል። ሜዲኬር የማግኘት መብት አላት ወይ? ካላት ምን ያህሉ ይሸፈንላታል? የሌንሱስ ክፍያ ግዴታ ነው? ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ አራት ወር ቆይታ መመለሷንም ግምት ውስጥ እንደምታስገቡልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

መልስ 1፦

በመጀመሪያ የታክሱን ጉዳይ ላስተካክል። በሕይወት ያለ ልጅ የከፈለው ታክስ ለወላጅ ሜዲኬር አያስገኝም፤ የሚቆጠረው የራስ ወይም የትዳር ጓደኛ ሥራ ብቻ ነው፤ እሱም አሥር ዓመት ገደማ መሆን አለበት። እናትዎ የሚገቡት በሌላ በር ነው፦ ዕድሜያቸው 65 ዓመት ያለፈና በግሪን ካርድ አምስት ዓመት ሳያቋርጡ የኖሩ ሰዎች ፓርት ቢን (ለሐኪምና ሳይተኙ ለሚሰጥ ሕክምና የሚከፍለውን የሜዲኬር ክፍል) በወርሃዊ ክፍያ መግዛት ይችላሉ። ክፍያው በ2026 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በወር 202.90 ዶላር ነው። ሥራ ላልሠራ ሰው ፓርት ኤ (ሆስፒታል ተኝቶ ለመታከም የሚከፍለው ክፍል) ብዙ መቶ ዶላር በወር ስለሚያስከፍል አብዛኞቹ ወላጆች ይተዉታል፤ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ግን ሳይተኙ የሚሠራ በመሆኑ የሚከፈለው ከፓርት ቢ ነው።

የአራት ወሩ ቆይታ ብዙ አያሳስብዎ፤ ከስድስት ወር ያነሰ መቅረት ብዙውን ጊዜ ነዋሪነቱን አያቋርጥም። የአውሮፕላን ትኬቶቹንና ፓስፖርቱን ግን ይዘው የሜዲኬር ማመልከቻ ወደሚቀበለው ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ይሂዱ። አምስት ዓመቱ ከሞላበት ወር በኋላ ሦስት ወር ሳያልፍ ማመልከት ይገባል፤ ያ ካለፈ እስከሚቀጥለው የጃንዋሪ–ማርች ምዝገባ መጠበቅ ይመጣል፤ ለዘገየ ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመትም በወርሃዊው ክፍያ ላይ 10 በመቶ ይጨመራል፤ ጭማሪውም እንደ ቅጣት አብሮ ይኖራል። ፓርት ቢ መጀመሩ በደብዳቤ ሳይረጋገጥ የማርኬትፕሌሱን ኢንሹራንስ እንዳይሰርዙት።

መልስ 2፦

በዓይን ክሊኒክ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ስለ ገንዘቡ እኔ ልመልስ። ፓርት ቢ በዓመት አንድ ጊዜ ከኪስ የሚከፈለው ዲዳክቲብል (በ2026 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 283 ዶላር) ከተሟላ በኋላ፣ ሜዲኬር ካጸደቀው ዋጋ 80 በመቶውን ይከፍላል፤ 20 በመቶው የታካሚዋ ነው። ሐኪሙ፣ የማደንዘዣ ባለሙያውና የቀዶ ሕክምናው ቦታ ለየብቻ ሂሳብ ስለሚልኩ ሦስት ደብዳቤ ቢመጣ ተጭበረበርን ብላችሁ አትደንግጡ። በሆስፒታል ውስጥ ሲሠራ ራሱን ከቻለ የቀዶ ሕክምና ማዕከል ይልቅ ዋጋው ይበዛል፤ ስለዚህ ሐኪሙ በሁለቱም ቦታ የሚሠራ ከሆነ ማዕከሉን መምረጥ በ20 በመቶው ድርሻ የሚከፈለውን ገንዘብ ይቀንሳል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ90 ቀን ውስጥ የሚደረገው የሐኪሙ መደበኛ ክትትል በዋናው ክፍያ ውስጥ ይገባል። የዓይን ጠብታዎቹ ግን በፓርት ዲ (በመድኃኒት ክፍሉ) ነው የሚታዩት።

የሌንሱ ነገር ክፍያው የሚከብድበት ነውና ላብራራው። ሜዲኬር የሚሸፍነው አንድ ርቀት ብቻ የሚያጠራውን መደበኛ ሌንስ ነው፤ እሱም ለብዙ አረጋውያን በቂ ነው። እናትዎ ሩቁን በዓይናቸው ያያሉ፤ ለዳዊቱ መነጽር ይጠቀማሉ። ያለ መነጽር ቅርቡንም ሩቁንም ለማየት ወይም አስቲግማቲዝም (በዓይን ቅርጽ መዛባት የሚመጣ ብዥታ) ለማረም የሚሠሩት ሌንሶች ትርፍ ክፍያ የታካሚዋ ነው፤ ክሊኒኩ ይህን መጠየቁ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ግዴታ አስመስሎ ካቀረበው ግን ትክክል አይደለም። «መደበኛውን ሌንስ እንፈልጋለን» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይበቃል። በሌዘር ስለሚሠራ ብቻ ጭማሪ ከተጠየቁም ለምን እንደሆነ ያብራሩላችሁ፤ መደበኛው ቀዶ ሕክምና በሌዘርም ቢሠራ ሜዲኬር ይሸፍነዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ መነጽሩ ነው። ሜዲኬር በሌላ ጊዜ መነጽር አይገዛም፤ ሌንስ ከተተከለ በኋላ ግን መደበኛ ፍሬም ያለው አንድ መነጽር ይሸፍናል፤ ታካሚዋ 20 በመቶ ትከፍላለች። በሁለቱ ቀዶ ሕክምናዎች መካከል ካልገዙ ከሁለቱም በኋላ የሚሸፈነው አንዱ ብቻ ነው። የሚሸጠው ሱቅ በሜዲኬር የተመዘገበ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።

መልስ 3፦

በሆስፒታል በአማርኛ አስተርጓሚነት የምሠራ ነኝ። ከላይ የተጻፈው ሁሉ የሚሠራው ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው አስፈላጊ መሆኑን በመዝገቡ ላይ ካሰፈረ ነው። ሞራ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የዕለት ኑሯቸውን ማወኩ መጻፍ አለበት። እናቶቻችን ደግሞ «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ሐኪሙም «ታካሚዋ ቅሬታ የላትም» ብሎ ይጽፋል። ይህን በተደጋጋሚ ታዝቤአለሁ። ያነሱትን የሲኒውንና የዳዊቱን ነገር፣ የመኪና መብራት ሲበራባቸው የሚሰማቸውን፣ ደረጃ ሲወርዱ የሚፈሩ እንደሆነ፣ ሳያፍሩ ለሐኪሙ እንዲናገሩ ቀድመው ያስረዷቸው። ሆስፒታሉ በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ። ልጅ ሲያስተረጉም እናት ልጇን ላለማስጨነቅ ብላ ችግሯን ታሳንሳለች።

ጠያቂ፦

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ እናቴ «እዚህ ከምከስር አዲስ አበባ ሄጄ ልሠራው» ትላለች። ያኔ ሜዲኬር ይመልስልኛል? እኔ የአፊዳቪት (ስትመጣ ኑሮዋን እንደምደግፍ ለመንግሥት የገባሁት ቃል) ፈራሚ መሆኔስ ለ20 በመቶው እርዳታ ያሳጣታል?

መልስ 1፦

ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና ሜዲኬር በጥቅሉ አይከፍልም፤ በአዲስ አበባ ቢሠሩት ሙሉው ከኪስ ነው። 20 በመቶውን በተመለከተ፣ አምስት ዓመቱ ሲሞላ ለሜዲኬይድም (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት ሽፋን) ማመልከት ይችላሉ፤ የእርስዎ ገቢ ሊቆጠርባቸው ስለሚችል ግን አስቀድመው ይጠይቁ። በየግዛቱ ስለ ሜዲኬር በነጻ የሚያማክር የመንግሥት አገልግሎት አለ፤ ስለ ገቢውና ስለ ፓርት ኤ በአንድ ቀጠሮ ሁሉንም ያጣሩልዎታል። ፓርት ኤ ከሌላቸው ሜዲኬር አድቫንቴጅም (በግል ኩባንያ የሚሰጥ የሜዲኬር ፕላን) ሜዲጋፕም (ሜዲኬር የማይከፍለውን ድርሻ የሚሸፍን ተጨማሪ ኢንሹራንስ) መግዛት ስለማይችሉ በስልክ «ነጻ ፕላን እንስጥዎ» የሚሉትን አይስሙ።