ይቺ ሚጢጢ አረንጓዴ ሲኒ እውነት የወፍ ናት?

ካናሪዋ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቻይና ሃንግዡ ነው የምማረው። ቅዳሜ አሮጌ ዕቃ ተራ ላይ ከቡና ሲኒ የምታንስ አረንጓዴ ዕቃ ገዛሁ፣ ጎኗ ላይ አንድ ጆሮ አላት ግን ጣት አያስገባም። ሻጩ የሎንግቹዋን ሴላዶን ነው (ሎንግቹዋን የሚባል ከተማ የሚሰራ አረንጓዴ ሸክላ)፣ የሶንግ ዘመን፣ የድሮዎቹ የቻይና ነገሥታት ጊዜ፣ የወፍ መመገቢያ ነው ብሎ ማለልኝ፣ 120 ዩዋን ከፈልኩ። ሁለት ካናሪ አሉኝ፣ ውሃ ላጠጣባቸው? ለእረፍት ስመጣስ አዲስ አበባ ይዣት መምጣት እችላለሁ?

ባለ ሸክላው፦ የወፍ መሆኗ እውነት ይመስላል እህቴ፣ ጆሮዋ ከወፍ ቤቱ ቀርከሃ ጋር ለማሰር ነው ለዛ ነው አንድ የሆነው። ቻይኖች በወፍ ቀልድ አያውቁም፣ በንጉሥ ሹዋንደ ጊዜ (1426–1435 እ.ኤ.አ.) ጂንግደጀን የሚባለው የሸክላ ከተማ ያለው የቤተ መንግሥት ምድጃ ሳይቀር የወፍ ዕቃ ይሰራ ነበር። ግን ሶንግ እኮ በ1279 ነው ያበቃው፣ በ120 ዩዋን? ተሸውደሻል 😂 ገልብጠሽ እግሯን፣ ከስር የምትቀመጥበትን፣ እዪው እስቲ

ካናሪዋ፦ ከስር ቀላ ያለ ነው!! አሮጌ ማለት ነው አይደል?

ባለ ሸክላው፦ አይደለም። ጭቃው ብረት ስላለበት ግሌዝ (የሚያብረቀርቀው ሽፋን) ያልሸፈነው ቦታ ሲቃጠል ይቀላል፣ አረንጓዴውም ያው ከብረት ነው፣ ምድጃው አየር ሲያጥረው አረንጓዴ ያወጣል አየር ከገባበት ወደ ቢጫና ቡኒ ይሄዳል። ዛሬም እዛው ሎንግቹዋን እንደዚሁ ይሰራሉ፣ ዩኔስኮም በ2009 መዝግቦታል። አንዳንዱ አስመሳይ ደግሞ እግሩን ቀለም ቀብቶ ያቀላዋል።

የእርግብ ልጅ፦ እኔ ለወፎቹ ነው የማስበው። ደህናው ሴላዶን ከ1200 ዲግሪ በላይ ነው የሚቃጠለው፣ እሱ አያሰጋም። ርካሹ የጌጥ ዕቃ ግን ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል፣ ወፍ ደግሞ ሚጢጢ ናት ትንሹም ይጎዳታል። ግሌዙ የተሰነጣጠቀ ከሆነም ቆሻሻ ይይዛል፣ በየቀኑ ካላጠብሽው ውሃው ይበላሻል። እርግጠኛ ካልሆንሽ ተዪው በቃ

ነባሩ፦ ስለ ጉዞው፣ ከ1911 በፊት የተሰራ ሸክላ ከቻይና ማውጣት ክልክል ነው። ስለዚህ ሻጩ "ሶንግ" ብሎ ወረቀት ከጻፈልሽ ያ ወረቀት ራሱ ኤርፖርት ላይ ጣጣ ነው የሚያመጣብሽ፣ "አዲስ ዕቃ" የሚል ደረሰኝ ተቀበዪው ሃሃ። በነገራችን ላይ ሲኒ የሚለው ቃላችንም ከአረብኛው "ሲኒ" ነው፣ የቻይና ማለት ነው

ካናሪዋ፦ ሃሃ ሄጄ ደረሰኝ ስጠኝ ብለው ሰውዬው ተቆጣ፣ እንዴት አዲስ ትይዋለሽ አለኝ። ለወፎቹ ፕላስቲካቸውን መለስኩላቸው፣ እሷ ላይ የጆሮ ጌጤን አስቀመጥኩባት።