የዮሐንስ ራእይን ከየት ጀምሬ ልረዳው?

ማታማታ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ራእይን ሁለቴ ጀምሬ ምዕራፍ 13 ላይ ስደርስ ተውኩት፣ ሰባት ራስ አስር ቀንድ ያለው አውሬ ከባህር ሲወጣ በቃ ጭንቅላቴ ዞረ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ብሉይ ኪዳንን አንብብ ይለኛል፣ ግን የቱን? ሁሉንም ልጀምር እንዴ?

ብራና፦
ኧረ ሁሉንም አይደለም፣ ዳንኤል 7ን ክፈትና ሁለቱን ጎን ለጎን አንብብ። እዛ አንበሳ፣ ድብ፣ ነብርና አንድ ስም የሌለው አስፈሪ አውሬ አሉ፣ ነብሩ አራት ራስ አለው ለሌሎቹ አንድ አንድ ብትቆጥር ሰባት ይመጣልሃል፣ አስሩ ቀንድ ደሞ የአራተኛው ነው። ዮሐንስ ሁሉንም በአንድ ገላ ላይ ነው ያያቸው፣ ያውም በተገላቢጦሽ፣ ነብር ድብ አንበሳ። እኔ ገርሞኝ ደብተር ላይ ሳልኩት (ድመት ነው የሚመስለው ግን)።

ጠይም፦
ቁጥሩም እንደዛው ነው፣ የዳንኤል "ዘመንና ዘመናት የዘመንም እኩሌታ" ሦስት ዓመት ተኩል ማለት ነው፣ ራእይ ላይ 42 ወር ወይ 1260 ቀን ሆኖ ይመጣል። ብቻ ቀን ቆጥራችሁ ዓመተ ምሕረት ለማውጣት እንዳትሞክሩ፣ ስንቱ ሞክሮ አፍሯል።

ዝምታ፦
ሕዝቅኤልንም አትርሱት፣ ጥቅልሉን በልቶ እንደ ማር የጣፈጠው እሱ ነው (3፥3)፣ ዮሐንስም በላ ግን ሆዱን መረረው (10፥10)። ደሞ ዳንኤል መጽሐፉን በማኅተም ዝጋው ተባለ፣ ዮሐንስ መጨረሻ ላይ አትዝጋው ተባለ።

ማታማታ፦
ሃሃ ብራና ድመቷን ፖስት አድርጋት እንጂ፣ በሉ ዛሬ ማታ ዳንኤል 7ን እጀምራለሁ